የባቡር ሐዲድ መጋጠሚያ

የባቡር ሐዲድ መጋጠሚያ ማለት በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው የተነጠፉ ሁለት የሐዲድ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው የሚታሰሩበት ቦታ ነው። ሐዲድ ከፋብሪካ የሚወጣው በተወሰነ ርዝመት ተቆርጦ ስለሆነ አንድ መስመር ብዙ መጋጠሚያ ይኖረዋል። በ12 ሜትር ሐዲድ የተሠራ የአንድ ኪሎ ሜትር ነጠላ መስመር በግራና በቀኝ ተደምሮ 166 ያህል መጋጠሚያዎች አሉት። ከመስመሩ ሁሉ ደካማው ቦታም ይኸው ነው።

መጋጠሚያ የሚጠየቀው ሥራ እርስ በርሱ ይቃረናል። በአንድ በኩል፣ መንኮራኩሩ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው ሲሻገር ሁለቱ ጫፎች እንደ አንድ ብረት ሆነው ክብደቱን እንዲሸከሙ አጥብቆ መያዝ አለበት። በሌላ በኩል ብረት በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል፤ ስለዚህ ጫፎቹ ወደፊትና ወደኋላ እንዲንቀሳቀሱ መፍቀድ አለበት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩት የማጋጠሚያ ዘዴዎች አብዛኞቹ ይህን ቅራኔ ለማስታረቅ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው።

ሙቀትና ክፍተት

የሐዲድ ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በእያንዳንዱ ሜትር በ0.0115 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር የ12 ሜትር ሐዲድ 4 ሚሊ ሜትር፣ ያልታሰረ የአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ደግሞ ወደ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ፀሐይ የመታው ሐዲድ ከአየሩ ይልቅ እስከ 20 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ስለሚችል የ30 ዲግሪ ልዩነት ብዙ አገሮች ውስጥ የተለመደ ነው።

በዚህ ምክንያት በብሎን በሚታሰር መስመር ላይ በሁለቱ ጫፎች መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። የክፍተቱ ስፋት የሚወሰነው ሐዲዱ በሚነጠፍበት ሰዓት ባለው ሙቀት ነው፤ በብርድ ሰፋ ይላል፣ በሙቀት ይጠባል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ከጠበበ ጫፎቹ በበጋ ተጋፍተው መስመሩ ወደ ጎን ሊወላገድ ይችላል። ከሰፋ ደግሞ መንኮራኩሩ የሚመታው ምት ይከብዳል፣ በብርድ ጊዜም ብሎኖቹ ሊቆረጡ ይችላሉ።

የቆዩ ተሳፋሪዎች የሚያስታውሱት የባቡር «ኳ ኳ» ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው። በድምፁ ፍጥነት መለካትም ይቻላል። ሐዲዶቹ 12 ሜትር ከሆኑና የግራና የቀኙ መጋጠሚያ ትይዩ ከሆነ፣ በ43 ሰከንድ ውስጥ አንድ መንኮራኩር የሚያሰማው የምት ብዛት የባቡሩን ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣል።

የጎን ብረትና ብሎን

በመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ባቡር መንገዶች የሐዲዶቹ ጫፎች በአንድ የብረት መቀመጫ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ወይም የእያንዳንዱ ጫፍ ውፍረት በግማሽ ተቀንሶ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ ነበር። ሁለተኛው ዘዴ ሐዲዱን የሚያሳሳው ጫናው በሚበረታበት ቦታ ላይ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ብሪጅስ አዳምስ ይህን ጉድለት ነቅሶ በሐዲዱ ጎንና ጎን የሚገጠም ማሰሪያ ብረት አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ1847 ከሮበርት ሪቻርድሰን ጋር የፈጠራ መብት ወሰደበት። ብረቱ በእንግሊዝኛ «ፊሽፕሌት» ይባላል። ስሙ ከዓሣ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የመርከብ ምሰሶ ሲሰነጠቅ ለማጠንከር በጎኑ ከሚታሰር እንጨት የተወረሰ የመርከበኞች ቃል ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የሐዲዱን ቅርጽ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐዲድ በቁመቱ ሦስት ክፍል አለው፤ መንኮራኩሩ የሚሄድበት ወፍራም ራስ፣ ቀጭን ወገብ፣ እና ሰፊ እግር። ሁለቱ የጎን ብረቶች የሚገቡት በራሱና በእግሩ መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ብረቱ ከወገቡ ጋር ተጣብቆ የሚታሰር ይመስለዋል። እንዲያ ግን አይደለም። የላይኛው ጠርዙ ከራሱ ሥር፣ የታችኛው ጠርዙ በእግሩ ላይ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል፤ ከወገቡ ጋር ግን ክፍተት አለው። ብሎኑ ሲጠብቅ ሽብልቁ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱም በብሎኑ ሳይሆን በተቀረቀሩት ጠርዞች በኩል ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ይተላለፋል። ስለዚህ ጠርዞቹ ሲበሉ ብሎኑን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት መጋጠሚያው ልል ሆኖ ይቀራል፤ መፍትሔው የጎን ብረቱን መለወጥ ነው።

አንድ መጋጠሚያ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም ስድስት ብሎኖች አሉት። በሐዲዱ ወገብ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ከብሎኑ ውፍረት ይሰፋሉ፤ ሐዲዱ ሲረዝምና ሲያጥር የሚንሸራተተው በዚህ ትርፍ ቦታ ነው። እንዲንሸራተትም የሚገናኙት ገጾች ተጠርገው ቅባት ይቀባሉ። ከዳዶው ሥር የሚገባው ስፕሪንግ ሮንዴላ ንዝረቱ ዳዶውን እንዳያላላው ይረዳል። በአሜሪካ በተለመደው አሠራር አንዱ ዳዶ ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩ ወደ ውጭ ይዞራል። ይህ የሚደረገው ከሐዲድ የወጣ መንኮራኩር በአንድ ወገን እየተጎተተ ሁሉንም ዳዶዎች በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጣቸው ነው።

የአሜሪካና የእንግሊዝ አሠራር በሌላም ነገር ይለያያል። በእንግሊዝ የግራና የቀኙ መጋጠሚያ ትይዩ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን የአንዱ ወገን መጋጠሚያ በሌላው ወገን ሐዲድ መካከል ላይ እንዲውል ይደረጋል። የአሜሪካው ዘዴ ምቱን ቢከፋፍለውም፣ መጋጠሚያዎቹ ከሰመጡ በዝግታ የሚሄዱ ረጃጅም ፉርጎዎችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ሐዲዶች የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ለሁለቱም ቅርጽ ተብሎ የተሠራ ልዩ የጎን ብረት ይፈልጋል።

መጋጠሚያ እንዴት ይደክማል?

መንኮራኩሩ ክፍተቱን ሲሻገር የሚቀበለውን ሐዲድ ጫፍ ይመታዋል። ምቱ የሐዲዱን ራስ እየቀጠቀጠ ያሰምጠዋል፣ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ይፈጫል። የተፈጨው ጠጠር ውሃ ሲያቁር ጭቃ ይሆናል፤ ባቡር ባለፈ ቁጥርም አግዳሚው እንደ ፓምፕ ወደላይና ወደታች ይላል። ድጋፉ ሲላላ የሚቀጥለው ምት ይበረታል፣ ድጋፉን ይበልጥ ያላላዋል። አንድ ጊዜ የሰመጠ መጋጠሚያ ካልተጠገነ በራሱ እየባሰበት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

አደገኛው ጉዳት ግን ከውጭ አይታይም። በሐዲዱ ወገብ ላይ ካለው የብሎን ቀዳዳ ዳር ትንሽ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ብዙውን ጊዜ አቅጣጫዋ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ነው። ቦታው በጎን ብረቱ የተሸፈነ ስለሆነ ጠጋኙ በዓይኑ አያያትም። በአልትራሳውንድ መሣሪያ ካልተገኘች፣ አንድ ቀን የሐዲዱ ጫፍ ተሰብሮ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1967 በለንደን ሂዘር ግሪን በተባለ ቦታ የሆነው ይኸው ነው። በመጋጠሚያ ላይ የሐዲድ ጫፍ ተሰብሮ ሰው የጫነ ባቡር ከመስመር ወጣ፤ 49 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2002 በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ፣ ማይኖት ከተማ አጠገብ የተሰበረው ሐዲዱ ብቻ አልነበረም፤ የጎን ብረቶቹም ተሰንጥቀው ነበር። ከመስመር ከወጡት 31 ፉርጎዎች አምስት የአሞኒያ ታንከሮች ተቀድደው ጋዙ በከተማዋ ዳርቻ ተሰራጨ፣ አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ተጎዱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የደረሰበት ድምዳሜ፣ የተሰነጠቁት የጎን ብረቶች ፈጽመው ከመሰበራቸው በፊት ሊገኙና ሊለወጡ ይገባ ነበር የሚል ነው።

በፈረንሳይ ብሬቲኚ ሱር ኦርዥ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 የደረሰው አደጋ ደግሞ በብሎኖች ምክንያት ነው። ሐዲዶች በሚሻገሩበት ቦታ ላይ ያለ አንድ የጎን ብረት ከአራት ብሎኖቹ ሦስቱን አጣ፤ በቀረው አንድ ብሎን ዙሪያ ዞሮም መንኮራኩሩ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ ተጋደመ። በሰዓት 137 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው ከፓሪስ ወደ ሊሞዥ የሚጓዝ ባቡር ከመስመር ወጥቶ 7 ሰዎች ሞቱ። የፈረንሳይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱን የባቡር ድርጅት በጥገና ጉድለት ጥፋተኛ ብሎ 300,000 ዩሮ ቀጣው።

ብየዳ

ከብሎን ሌላ ያለው መንገድ ጫፎቹን በይዶ አንድ ማድረግ ነው። በመስመር ላይ በስፋት የሚሠራበት የቴርሚት ብየዳ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሃንስ ጎልድሽሚት እ.ኤ.አ. በ1895 የፈጠራ መብቱን አወጣ፤ በ1899 በኤሰን ከተማ የትራም ሐዲድ ተበየደበት። ዘዴው የኤሌክትሪክ ምንጭም ሆነ ከባድ ማሽን አይፈልግም። የአሉሚኒየም ዱቄትና የብረት ኦክሳይድ ተደባልቀው ሲለኮሱ አሉሚኒየሙ ኦክስጅኑን ከብረቱ ይነጥቃል፤ በዚህም ከ2,000 ዲግሪ በላይ የሞቀ ቀልጦ የሚፈስ ብረት ይገኛል።

ሥራው ፈጣን ቢሆንም ጥንቃቄው ብዙ ነው። በጫፎቹ መካከል 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተዋል። ጫፎቹ በቀጥ ማስመሪያ ይስተካከላሉ፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ስለሚሰምጥ በትንሹ ቀና ተደርገው ይያዛሉ። ከዚያ ከአሸዋ የተሠራ ቅርጽ ይገጠምባቸዋል፣ ዙሪያው ይደፈናል፣ ጫፎቹም በጋዝ እሳት እስኪቀሉ ይሞቃሉ። ይህን ማሞቅ ማሳጠር ትልቅ ስሕተት ነው፤ የፈሰሰው ብረት ከቀዝቃዛ ሐዲድ ጋር ስለማይዋሐድ ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ ግን ያልተያያዘ ብየዳ ይገኛል። ከላይ ባለው ማቅለጫ ውስጥ ድብልቁ ሲለኮስ በሰከንዶች ውስጥ ነድዶ ያልቃል። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ወደታች ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል፤ አሉሚኒየም ኦክሳይዱ ቀላል ስለሆነ ተንሳፍፎ ወደ ጎን ይፈስሳል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቅርጹ ይነሣል፣ ትርፉ ብረት ገና ትኩስ ሳለ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም የሐዲዱ ራስ ተሞርዶ ይስተካከላል። እርጥበት የዚህ ሥራ ጠላት ነው። የረጠበ ቅርጽ ወይም የረጠበ ድብልቅ ውሃውን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ለውጦ የቀለጠውን ብረት በሠራተኛው ላይ ሊረጨው ይችላል።

ሌላው ዘዴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሁለቱን ጫፎች ያቀልጣል፣ ማሽኑም በኃይል ገፍቶ ያዋሕዳቸዋል። ከውጭ የሚጨመር ብረት ስለሌለ በአጠቃላይ ከቴርሚት ብየዳ ይልቅ ይታመናል፤ ማሽኑ ግን ውድ ነው።

መጋጠሚያ የሌለው መስመር

ሐዲዱ ለብዙ ኪሎ ሜትር ከተበየደ የሚረዝምበት ቦታ የለውም። ታዲያ ሙቀቱ የት ይሄዳል? መልሱ፣ ርዝመቱ ሳይለወጥ በውስጡ ግፊት ይፈጠራል ነው። በሜትር 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሐዲድ እንዳይረዝም ታግዶ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ከ55 ቶን በላይ ግፊት ይሸከማል። ይህን ኃይል የሚይዙት ሐዲዱን ከአግዳሚው ጋር የሚያጣብቁት መያዣዎች፣ የአግዳሚው ክብደትና በዙሪያው የተከመረው ጠጠር ናቸው። በበጋ ጠጠሩን ከአግዳሚ ጫፍ ጠርጎ መሥራት በዚህ ምክንያት ይከለከላል ወይም በጥብቅ ይገደባል።

ሐዲዱ ግፊትም ሆነ ጉተታ የማይኖርበት አንድ ሙቀት ተመርጦ በዚያው ይታሰራል፤ በብሪታንያ ይህ ሙቀት 27 ዲግሪ ነው። በሚታሰርበት ቀን ሐዲዱ ከዚያ ከቀዘቀዘ በሃይድሮሊክ መሣሪያ ተስቦ ይረዝማል፣ ከዚያ ይበየዳል። የሚመረጠው ሙቀት ግን ለሁሉም ቦታ አንድ ሊሆን አይችልም። ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ አካባቢ የሚወጣ መስመር በቆላና በደጋ የሚገጥመው ሙቀት በጣም የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1917 የተሠራው አሮጌው የምድር ባቡር መስመር በተዘረጋበት ዘመን የቴርሚት ብየዳ ገና ከትራም መንገድ ብዙም ያልወጣ ዘዴ ነበር።

የተበየደ ሐዲድ ሲሰበርም ጠጋኞች የሚመለሱት ወደ ጎን ብረት ነው። የብየዳውን እብጠት እንዲያልፍ መካከሉ የጎበጠ ማሰሪያ ብረት በስብራቱ ግራና ቀኝ ይታሰራል፤ እንደገና እስኪበየድም ባቡሮች በዝግታ ያልፋሉ።

ኤሌክትሪክና መጋጠሚያ

በኤሌክትሪክ በሚሄድ ባቡር ሐዲዱ ኤሌክትሪኩ ወደ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚመለስበት መንገድም ጭምር ነው። ዝገትና ቅባት ያለበት የጎን ብረት ለዚህ ስለማይታመን በመጋጠሚያው ላይ የመዳብ ሽቦ ይበየዳል።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1872 መብቱን በወሰደበት የምልክት ሥርዓት፣ መስመሩ በክፍል በክፍል ተከፍሎ በሐዲዱ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ባቡር ሲገባ መንኮራኩሮቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ክፍሎቹን የሚለየው መጋጠሚያ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የለበትም። ስለዚህ በጫፎቹ መካከልና በጎን ብረቱ ሥር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ይገባል፤ በተበየደ መስመር ላይ ደግሞ ሁሉም በጠንካራ ሙጫ ይጣበቃል። የብረት ብናኝ ክፍተቱን ከሞላው ግን ኤሌክትሪኩ ይሻገራል፤ መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳለም ምልክቱ ቀይ ሆኖ ሊቀር ይችላል።