ወሰን የከፈለው የኤዌ ሕዝብ

በቮልታና በሞኖ ወንዞች መካከል በአንድ ልሳን ሲናገር የኖረው የኤዌ ሕዝብ፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1884 ቶጎን በያዙ ጊዜ ከእንግሊዙ ጎልድ ኮስት ጋር በተሰመረው ወሰን ተከፈለ፤ በ1914 ጀርመኖች ድል ከሆኑ በኋላም እንግሊዝና ፈረንሳይ ምድሪቱን ተካፍለው ዳግመኛ ቈረጡት። በ1956 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የእንግሊዙ ቶጎላንድ በድምፅ ብልጫ ከጎልድ ኮስት ጋር እንዲዋሐድ ሲወሰን፣ በደቡብ ያሉት ኤዌዎች በብዛት መለየትን መርጠው ነበርና፣ በ1957 ጎልድ ኮስት ጋና ተብላ ነጻ ስትወጣ ቅር የተሰኘ ወገን ይዛ ተነሣች። የቶጎ ርእሰ ከተማ ሎሜ ከወሰኑ ጋር ተጣብቃ ስለምትገኝ፣ በኬላው ማዶ በጋናዋ አፍላዎ ያለው ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ የሎሜው የአጎቱ ልጅ በፈረንሳይኛ ይማራል። የአፍሪካ መሪዎች በ1964 ካይሮ ላይ የተወረሰው ወሰን እንዲከበር መወሰናቸው ጠብን ለማራቅ ነበር፤ ሆኖም ወሰንን ማጽናት ብቻውን በውስጡ ያሉትን ሕዝቦች አንድ ልብ አያደርግም።