ቅጹና ድምሩ፦ መረጃን መድቦ የማጠቃለል ታሪክ

ብዙ ሰዎች በየግላቸው የሞሏቸውን ቅጾች ሰብስቦ በየዓይነታቸው መመደብና የየምድቡን ድምር ማውጣት ዛሬ የኮምፒዩተር ተግባር ተደርጎ ቢታሰብም፣ ሥርዓቱ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ አስቀድሞ በሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ዳብሯል። በአሜሪካ እስከ 1840 ድረስ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስም የሚመዘገበው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት በጾታና በዕድሜ ክልል ተደምረው በቁጥር ብቻ ይሰፍሩ ነበር። በ1850 ለእያንዳንዱ ነጻ ሰው የራሱ መስመር ተሰጠው፤ በባርነት የተያዙት ግን በሌላ መዝገብ፣ አብዛኞቹ ያለ ስም፣ በጌታቸው ስም ሥር ተጻፉ። ይህ ለውጥ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም መዝጋቢው በየደጃፉ ይሠራው የነበረው ድምር ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ፣ አንዱ መዝገብ በዕድሜም በሙያም በትውልድ ቦታም ደጋግሞ ሊመደብ የሚችል ሆነ።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የ1880ው ቆጠራ 50 ሚሊዮን ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ ጸሐፊዎች በእጅ ጭረት እያሰመሩ ስለቆጠሩት ውጤቱን አጠናቅሮ ለመጨረስ ሰባት ዓመት ያህል ወሰደ። በዚያ ቆጠራ ላይ የሠራው ኸርማን ሆለሪዝ በ1889 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ በ1890ው ቆጠራ ሥራ ላይ ሲውል፣ የእያንዳንዱ ሰው መልስ በአንድ ካርድ ላይ በቀዳዳዎች ተመዘገበ። ካርዱ በመጫኛው ሥር ሲገባ፣ ቀዳዳ ባለበት ቦታ የሚያልፉት ሽቦዎች ከሥር ያለውን ሜርኩሪ ነክተው የኤሌክትሪክ ዑደቱን ይዘጋሉ፤ የሚመለከተው ቆጣሪም አንድ ቁጥር ይጨምራል፤ ከጎኑ ካለው መደርደሪያም የአንዱ ሣጥን ክዳን ይከፈትና ሠራተኛዋ ካርዱን እዚያ ታስቀምጣለች። መመደብና መደመር በአንድ ቅጽበት ተገናኙ ማለት ነው።

የ1890ው ቆጠራ ዕጣ ግን የሚያሳዝን ነው። በጥር 1921 በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ ላይ በተነሣው ቃጠሎ አብዛኛው የ1890 መዝገብ በእሳትና በውሃ ተጎዳ፤ የተረፈውም ቆይቶ በመንግሥት ፈቃድ ስለተወገደ፣ ከ62 ሚሊዮን በላይ ከሆኑት ተመዝጋቢዎች ዛሬ በስም የሚገኙት ከ6 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። የታተሙት የድምር ሠንጠረዦች በሙሉ አሉ፤ ያኔ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ከእነርሱ መልስ አያገኝም፤ ድምር ወደ መነሻው ተመልሶ አይፈታምና።

ሥራው ወደ ኮምፒዩተር ከተዛወረ በኋላ፣ የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ በ1970 ያቀረበው ሞዴል መረጃን በሠንጠረዥ ያደራጃል፤ ረድፉ አንድን መዝገብ፣ ዓምዱ አንድን የመልስ ዓይነት ይይዛል። ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 ይፋ ካደረጉት ሥራ ያደገው ኤስኪውኤል የተባለው የመጠይቅ ቋንቋ ደግሞ «ግሩፕ ባይ» በሚባለው ትእዛዙ፣ በተመረጠው ዓምድ ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸውን ረድፎች ሰብስቦ የየቡድኑን ብዛት፣ ድምር ወይም አማካይ ያወጣል። ረድፎቹ ግን ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ ማጠቃለያው በተፈለገ ጊዜ በሌላ መልክ ዳግም ይሠራል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የድረ ገጽ ቅጽ ሲስፋፋ፣ በመላሹና በሠንጠረዡ መካከል ቆሞ መልሱን ወደ ወጥ ምድብ ይለውጥ የነበረው ሠራተኛ ቀረ። ጉዳቱ በአማርኛ ጎልቶ ይታያል፤ አንዱ «ሐዋሳ»፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «አዋሳ» ብለው ቢሞሉ፣ ለኮምፒዩተሩ ፊደላቱ የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ አንዲቷ ከተማ ሦስት ቦታ ተከፍላ ትቆጠራለች። ተቆልቋይ ዝርዝር ችግሩን ቢያቃልልም፣ የቅጹ አዘጋጅ ያላሰበውን መልስ ያስቀራል። ስለዚህ የሚሻለው፣ መላሹ የጻፈውን እንዳለ በአንድ ዓምድ ጠብቆ፣ ሆሄው ወጥ የተደረገውን በሌላ ዓምድ አስቀምጦ፣ ምደባውን በሁለተኛው ዓምድ ማካሄድ ነው።