ግብሩ ወደ ላይ፣ ድጎማው ወደ ታች

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ዛሬ የምንጠቅሰው ሙሰኛን ለመውቀስ ነው። በድሮው ዘመን ግን ተረቱ የአስተዳደሩን በጀት ይገልጽ ነበር ማለት ይቻላል። አገረ ገዢው የወር ደመወዝ አልነበረውም። እሱም ወታደሩም የሚኖሩት ገባሩ በሚያመጣው እህል፣ ማርና ጉልበት ነበር።

ይህን ለመቀየር የታሰበው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ ነው። አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛቶች ተከፈለች፤ ገዢዎች ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ግብሩም ለገንዘብ ሚኒስቴር ገቢ እንዲሆን ተወሰነ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ሌላ ጥያቄ ወለደ፦ ብሩ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለከፋዩ ምን ይመለስለታል?

በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ። ብዙው ገበሬ ግን በአካባቢው ትምህርት ቤት ሳያይ ከፈለ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ትዕዛዝ ቢወጣም ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አመፀ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ገዢው ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። መንግሥትን በሩቁ የሚያውቀው በግብር ብቻ የሆነ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይመልስ ነበር?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደነገገ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት በቀመር ያገኙ ጀመር። ፌዴራሉ ለክልል፣ ክልሉ ለወረዳ ይደጉማል ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ወረዳው ራሱ የሚሰበስበው ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከድጎማው አብዛኛው ደግሞ ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። ለመንገዱና ለጉድጓዱ ሕዝቡ እንደገና መዋጮ ይጠየቃል። ያው ገበሬ ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው! በጀቱ ከላይ የሚመጣለት ሹም ደግሞ ዓይኑ ወደ ላይ ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወረዳ በጀትን በአደባባይ መለጠፍ ተለምዷል። ቆም ብለን እናንብበው። ከእኛ ስንት ተሰበሰበ? ስንት መጣልን? ምን ተሠራበት? ሹሙን ወደ ታች እንዲያይ የሚያደርገው ይህ ጥያቄ ነው።