በአርጎስ ደጃፍ የተቀመጡ ተማጻኞች

በንባብ ክበባችን ስናገላብጠው የሰነበትነው ድርሰት ግሪካዊው ኤስኪለስ የደረሰው «ተማጻኞቹ» የተሰኘው ተውኔት ነው። ለብዙ ዘመን ከደረሱን የግሪክ ትራጄዲዎች ሁሉ ቀዳሚው ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ከግብፅ የተገኘና በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመ የፓፒረስ ቁራጭ ኤስኪለስ በዚህ ሥራው ከሶፎክለስ ጋር መወዳደሩን ስለ ገለጸ፣ አሁን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ463 ግድም እንደ ቀረበ ይታመናል።

ሃምሳ የዳናዖስ ሴቶች ልጆች የአጎታቸውን ልጆች ላለማግባት ከግብፅ በባሕር ሸሽተው አርጎስ ይደርሳሉ። በሱፍ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ይዘው በአማልክቱ መሠዊያ ሥር ይቀመጣሉ። ንጉሡ ጴላስጎስ መልካቸውን አይቶ ግሪካውያን መሆናቸውን ይጠራጠራል፤ ትመስላላችሁ ከሚላቸው ሕዝቦች መካከል የኢትዮጵያውያን ጎረቤቶች ይገኙባቸዋል። እነርሱ ግን የአርጎሷ የኢዮ ዘር ነን ይላሉ።

መጀመሪያ ስናነበው ልባችን ከልጃገረዶቹ ጋር ነበር። ደግመን ስናነበው ግን ዓይናችን በንጉሡ ላይ ዐረፈ። ቢያስጠጋቸው ጦርነት ይመጣበታል፤ ቢገፋቸው ደግሞ በአማልክቱ ምስል ላይ በመቀነታችን እንሰቀላለን ብለዋል። ብቻውን አልወሰነም፤ ጉዳዩን ለሕዝቡ አቀረበ። ሕዝቡም እጁን አንሥቶ በአንድ ድምፅ ፈቀደ፦ በነጻነት እንዲኖሩ፣ ማንም እንዳይነካቸው፣ በኃይል ሊወስዷቸው ለሚመጡ ሰዎች ሲጋለጡ ያልረዳቸው ዜጋም መብቱን ተገፎ እንዲሰደድ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኋለኛዋ አቴና መጻተኛ ተጠሪ የሚሆነው ዜጋ መያዝ፣ ወንዱም በዓመት 12 ድራክማ መክፈል ነበረበት። በተውኔቱ ግን ተጠሪዎቹ ንጉሡና መላው ሕዝብ ናቸው። አርጎስም የተረት አገር ብቻ አልነበረችም፤ የሳላሚሱ ጀግና ቴሚስቶክለስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ471 ግድም ከአቴና ሲባረር የተጠጋው እዚያ ነው።

ተከታዮቹ ሁለት ተውኔቶች ስለ ጠፉ፣ አርጎስ የከፈለችውን ዋጋ ከኤስኪለስ አፍ አንሰማም። እኛ ግን የምናደንቀው ደራሲው የአስጠጊውን ፍርሃት እንደ ክፋት አለመቁጠሩን ነው። ከእኛ ጋር ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዳው የአካባቢው ሰው ፊቱን ያጠቆረ ዕለት ሁሉ ጠላን ማለት አይደለም፤ ውኃው ስላነሰው ይሆናል። ማን ያስጠጋን ስንል እንደ ኖርን፣ ያስጠጋን ምን ጎደለበት ብለንም እንጠይቅ።

በዚህ የማትስማሙ አንባቢያን ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።