ደመወዝ የማያውቃት ወር

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር፣ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያሏቸው 12 ወራት 360 ቀን ከሞሉ በኋላ፣ መስከረም ሳይጠባ 5 ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀናት ይተርፋሉ፤ እነዚህ ትርፍ ቀናት የተሰበሰቡባት አሥራ ሦስተኛ ወር ጳጉሜን ትባላለች። ስሟ «ኤፓጎሜናይ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም «የተጨመሩ» ማለት ነው። ሰው ያለፈውን ዓመት ኑሮውንና ሥራውን መለስ ብሎ የሚያይበት፣ ራሱንም የሚመረምርበት ጊዜ ለብዙ ዘመን የተቀመጠው በዚህች አጭር ወር ውስጥ ስለሆነ፣ የዓመት መዝጊያን ልማድ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከጳጉሜን መነሣት ይኖርበታል።

ወራቱን በ30 ቀን አስተካክሎ አምስቱን ለብቻ የማስቀመጡ ዘዴ የጥንት ግብጻውያን ነው። በእነርሱ እምነት አምስቱ ቀናት ኦሲሪስ፣ ሆረስ፣ ሴት፣ ኢሲስና ኔፍቲስ የተባሉት አማልክት የተወለዱባቸው በመሆናቸው የሚከበሩም የሚፈሩም ነበሩ። የፀሐይ ዓመት ከ365 ቀን ሩብ ቀን ያህል ስለሚረዝም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት በካኖፐስ የተሰበሰቡት የግብጽ ካህናት በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ቀን እንድትጨመር ወስነው ነበር፤ ውሳኔው ግን አልጸናም፤ ስድስተኛዋ ቀን ቦታዋን የያዘችው አገሪቱ በሮማው አውግስጦስ ቄሣር እጅ ከገባች በኋላ ነው። ይህ የተስተካከለ አቆጣጠር በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ዛሬም የግብጽ ኮፕቶች አዲሱን ዓመት ከኢትዮጵያውያን ጋር በአንድ ቀን ይቀበላሉ፤ ዓመቱን የሚቆጥሩት ግን ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ284 ዓ.ም. ጀምረው በዓመተ ሰማዕታት ስለሆነ፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የ276 ዓመት ልዩነት አለ። እነርሱ ጳጉሜንን «ትንሿ ወር» ይሏታል፤ አባባሉ ለኢትዮጵያም ቤት ይስማማል።

የሚመጣውን ዓመት በቁጥር ለክቶ መቀበል የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ድርሻ ነበር፤ ነውም። ባሕረ ሐሳብ የሚባለው ይህ የስሌት ትምህርት በትውፊት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደደረሰው ይነገራል። አሠራሩን በአንድ ዓመት ላይ ማየት ይጠቅማል። የ2017 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ የሚፈልግ ሊቅ፣ በ2017 ላይ 5500 የዘመነ ብሉይ ዓመታትን ጨምሮ 7517 ዓመተ ዓለም ያገኛል። ይህን ለአራቱ ወንጌላውያን ለ4 ሲያካፍለው 1879 ደርሶ 1 ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው፤ 1879ኙን፣ ማለትም መጠነ ራብዒቱን፣ በ7517 ላይ ደምሮ ለ7 ሲያካፍል ደግሞ 2 ይተርፈዋልና፣ ከማክሰኞ አንድ ብሎ ሲቆጥር መስከረም 1 ረቡዕ መዋሉን ያውቃል። ከዚያ 7517ን ለ19 አካፍሎ ከተረፈው 12 ላይ አንድ ቢያነሣ 11 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 1 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 29 መጥቅዕ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ ሊቁ ስሌቱን እንደገና ይጀምራል። መጥቅዕ 29 መስከረም ላይ ረቡዕ ዋለ፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም የዕለቱ ተጨማሪ ቁጥር፣ 4 ነው፤ 29 እና 4 ተደምረው 30 ሲነሣላቸው 3 ይቀራል፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 3 ሰኞ ገባ። ዐቢይ ጾም፣ ትንሣኤ፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ ሁሉም ከዚህች አንዲት ቀን ተነሥተው ይመዘዛሉ። መስከረም 1 ቀን ይህ ስሌት በዐውደ ምሕረት ሲታወጅ የሚሰማ ምእመን ዓመቱን ገና ሳይኖርበት መልኩን ያውቀዋል፤ በእጅ ጣትና በቃል ብቻ ይህን ያህል መራቀቅ መቻሉ ሊደነቅ የሚገባው ጥበብ ነው።

ሕዝቡ በበኩሉ ዓመቱን የሚዘጋው በውኃ ነው። በጳጉሜን ቀናት ጎሕ ሳይቀድ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ጠበል ወርዶ መታጠብ በብዙ የደጋ አካባቢዎች የቆየ ልማድ ሲሆን፣ የልማዱ ልብ ጳጉሜን 3 ቀን የሚውለው የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። የቅዱሳንን ገድል በየዕለቱ የሚተርከው መጽሐፈ ስንክሳር በዚህ ቀን የሚያነሣው ታሪክ፣ በሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ዘመን እስክንድርያ አጠገብ በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ሳይታወቅ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ዓሣው ሲናወጥ ልትፈርስ ስትል፣ መልአኩ ወግቶ ጸጥ እንዳደረገው ነው። ዕለቱ ርኅወተ ሰማይ፣ የሰማይ መከፈቻ፣ ስለሚባል ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ይቆጠራል። ደመና ሲከብድ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ግቢ ይወጣሉ፤ እናት ከጣራው ጠፈፍ ሥር ድስትና ባልዲ ደርድራ ውኃውን ታጠራቅማለች፤ ከዚያም ጥቂቱን ለበረከት ከቡሖው ትጨምረዋለች፣ የቀረውን ለታመመ ታስቀምጠዋለች። ያ እንጀራ ሲበላ ያለፈው ዓመት በሽታና ድካም ከቤት እንደ ወጣ ይታመናል። በእነዚሁ ቀናት የፈቃድ ጾም የሆነው ጾመ ዮዲት ይጾማል፤ ስሙን ያገኘው ሕዝቧ በጠላት በተከበበ ጊዜ ማቅ ለብሳ ከጾመችው ከመጽሐፈ ዮዲት ባለታሪክ ነው። የንስሐ አባቱን ያልጎበኘ የሚጎበኘው፣ ከጎረቤቱ የተቀያየመ በሽማግሌ የሚታረቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። የዓመቱን ሐሳብ በማስታወሻ ደብተር የማስፈር ልማድ ባልነበረበት ኅብረተሰብ፣ ገላን መታጠብ፣ ቤትን መለቅለቅና ቂምን ማውረድ ሦስቱም የአንድ ምርመራ ገጾች ነበሩ።

ለገበሬው ምርመራው ከጎተራው ይጀምራል። ጳጉሜን በደጋው ጤፍ ተዘርቶ ያለቀበት፣ አረሙ ገና የሚያታግልበት፣ ያለፈው ዓመት እህል የሚሟጠጥበት ወቅት ስለሆነች፣ በጎተራው ግርጌ የቀረው እህል አምና ምን ያህል እንደተደከመና ምን ያህል በድግስ እንደባከነ ያለ ጽሕፈት ይናገራል።

ይህን ኑሮንና ሥራን በአንድነት የመመርመር ሥርዓት ለሁለት የከፈለው የወር ደመወዝ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ በፊት የመንግሥት አገልጋይ ክፍያውን የሚያገኘው በአመዛኙ በማደሪያ መሬት፣ ማለትም ለአገልግሎቱ በሚሰጠው መሬት ግብር፣ እንዲሁም በቀለብና በድርጎ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ክፍያ መከርን እንጂ ወርን አይከተልም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮች ከተቋቋሙ በኋላ እየተስፋፋ የሄደው የቢሮ ሥራ ግን ሰውን በወር ቆጠረው፤ ወሩም 12 ሆነ። እስከ ዛሬ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ በጳጉሜን ቀናት ቢሮ ይገባል፣ ለቀናቱ ግን የተለየ ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ የነሐሴ ደመወዙ 35 ወይም 36 ቀን ተዘርግቶ፣ የበዓሉን በግና ዶሮ፣ የልጆቹንም ደብተርና የደንብ ልብስ ችሎ መስከረም ማለቂያ ላይ መድረስ አለበት። የቤት ኪራይም የእድር መዋጮም በተለምዶ ጳጉሜንን አይቆጥሩም፤ ለተከራይ ይህ ትንሽ እፎይታ ነው፤ ለደመወዝተኛ ግን ጳጉሜን የዓመቱ ጠባብ መንገድ ናት።

የመንግሥት ሒሳብም የራሱን ዓመት አበጀ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የሥራ ሪፖርቱ፣ የንብረት ቆጠራውና የዕቅድ ግምገማው ሁሉ የሚያልቀው ክረምቱ ሲገባ ነው። ለብዙ ዓመታት «ደረጃ ለ» የተባሉት መካከለኛ ነጋዴዎች ግብራቸውን የሚከፍሉበት የመጨረሻ ቀን ጳጉሜን 5 በመሆኑ ብቻ፣ የሥራው ሒሳብና የዘመኑ ማለቂያ በአንድ ቀን ይገናኙ ነበር። ከዚህ በቀር ሥራ በሰኔ፣ ሕይወት በጳጉሜን ተለያይተው ይመረመራሉ። ሰው የሠራውን በአንድ ወር፣ የሆነውን በሌላ ወር እንዲጠይቅ መገደዱ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ገበሬው ጎተራውን ሲያይ ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመልስ ነበርና።

በከተማ ጳጉሜን ዛሬ የባዛርና የገበያ ግርግር ወር ሆናለች፤ በቅርብ ዓመታት መንግሥት ለየቀናቷ መጠሪያ እየሰጠ በይፋ እንዲታሰቡ አድርጓል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አዲሱን ዓመት ብዙ ጊዜ ለዕለቱ ቅርብ ወደ ሆነ ቅዳሜ ወይም እሑድ አሻግረው ያከብራሉ፤ ጳጉሜን በዚያ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ቦታ የላትም፣ የሩፋኤልን ዝናብ ግን በስልክ «ዘነበ ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ።

ያም ሆኖ የመጨረሻዋ ሌሊት መልኳን አልለቀቀችም። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜኑ 6 ይሆናል፤ ዋዜማውም በአንድ ቀን ይዘገያል። በዚያች ምሽት በየደጁ ችቦ ይበራል፤ በጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ የተባለውን ሣር ነቅለው ከዐደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል፤ ማለዳም በቤቱ ምሰሶና በአባወራው ራስ ላይ ያስሩታል። በከተማ ደግሞ ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ ፀሐይ፣ መልአክና ቢጫ አበባ ሲስሉ ያመሻሉ፤ ቀለሙ እንዲደርቅ ሥዕሎቹን በወለሉ ላይ ዘርግተው ይተኛሉ፣ ጎሕ ሲቀድም ሰብስበው የመጀመሪያውን በር ለማንኳኳት ይወጣሉ።