ፊደል ይዞ መሰደድ፦ የኮሪያኛ ትምህርት ከአገሩ ውጭ

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሕዝብ ቋንቋውን በልጆቹ አንደበት ለማቆየት የሚያደርገው ትግል በብዙ አገሮች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። የኮሪያውያን ታሪክ ግን ለቋንቋ መምህራን የተለየ ትምህርት ይሰጣል፤ ኮሪያኛ በስደት ምድር ብቻ ሳይሆን በገዛ አገሩም ለአደጋ ተጋልጦ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ንጉሥ ሴጆንግ በ1443 አዘጋጅቶ በ1446 ለሕዝቡ በይፋ የሰጠው ፊደል 28 ሆሄያት ነበሩት፤ ዛሬ መሠረታውያኑ 24 ናቸው። ዓላማውም በቻይና ጽሕፈት ሐሳቡን መግለጽ የተሳነው ተራ ሰው በቀላሉ እንዲጽፍ ነበር። ጃፓን በ1910 ኮሪያን ጠቅልላ ከያዘች በኋላ ቋንቋው ከትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ተገፋ፤ በ1938ም ከግዴታ ትምህርትነት ወጣ። የኮሪያ ቋንቋ ማኅበር አባላት ታላቅ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀት ላይ ሳሉ በ1942 ተይዘው ታሰሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ በእስር ቤት ሞቱ። በማስረጃነት ተወስዶ የነበረው ረቂቅ ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ፣ በ1945፣ በሴኡል ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1947፣ የመጨረሻው በ1957 ታተመ።

በውጭ አገር የሰፈሩት ኮሪያውያን ዕጣ እንደየአገሩ ተለያየ። በ1903 ሃዋይ የደረሱት የመጀመሪያዎቹ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሠራተኞች በየቤተ ክርስቲያናቸው አጠገብ ለልጆቻቸው የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሶቪየት ሩቅ ምሥራቅ 172,000 ያህል ኮሪያውያን በ1937 በግዳጅ ወደ መካከለኛው እስያ ተጓዙ፤ በማግሥቱ ዓመት ትምህርት ቤቶቻቸው ወደ ሩስያኛ ተለወጡ። የኮሪያኛው ጋዜጣ በካዛኽስታን መታተሙን ቀጠለ፤ ሆኖም የሚያነብለት ትውልድ እያነሰ ስለ ሄደ ኋላ የሩስያኛ ገጾች ሊጨመሩበት ግድ ሆነ። በጃፓን የቀሩት ደግሞ ከ1945 ጀምሮ፣ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ልጆቻቸው አፋቸውን እንዲፈቱ በማለት፣ በራሳቸው ገንዘብ ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ። ባለ ሥልጣኖች በ1948 እንዲዘጉ ባዘዙ ጊዜ በኮቤና በኦሳካ ታላቅ ተቃውሞ ተነሣ፤ በኦሳካ አንድ የ16 ዓመት ልጅ በጥይት ሞተ።

አሜሪካ በ1965 የስደተኞች ሕጓን ካሻሻለች በኋላ ብዙ ኮሪያውያን ወደዚያ ገቡ፤ የቅዳሜ ትምህርት ቤቶችም ተበራከቱ። በእነዚህ ክፍሎች የታየው ችግር ለመምህራን እጅግ ጠቃሚ ነው። በኮሪያኛ አነጋገር በሰሚው ዕድሜና ማዕረግ መጠን ይለያያል፤ በአማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ማለት ግሱን እንደሚለውጠው፣ በኮሪያኛም የግሱ መድረሻ ይለወጣል። ወላጅ ልጁን የሚያናግረው በዝቅተኛው ደረጃ ስለ ሆነ፣ ከቤት በቀር ቋንቋውን ያልሰማ ልጅ የሚያውቀው ያንኑ ብቻ ነው። እንግዳ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ሲናገር ሳያስበው ስድ አደግ ይመስላል። የባዕድ አገር ተማሪ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ የአክብሮቱን አነጋገር ከመጽሐፍ አስቀድሞ ይማራል፣ ፊደሉንም በጥቂት ቀናት ይለያል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ጨዋታ አይገባውም። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ማስተማር ሁለቱንም መበደል ነው።

ባዕዳን ቋንቋውን በብዛት የፈለጉት ዘግይቶ ነው። የችሎታ መመዘኛው ፈተና በ1997 ተጀመረ። በ2004 የውጭ ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ ሥርዓት በሥራ ላይ ሲውል ኮሪያኛ ለብዙ እስያውያን የእንጀራ ቋንቋ ሆነ፤ ዘፈኑና የቴሌቪዥን ድራማውም ሌሎችን ሳበ። የመጀመሪያው የሴጆንግ ተቋም በ2007 በኡላንባታር ተከፈተ፤ በ2023 ተቋማቱ ከ80 በሚበልጡ አገሮች ይሠሩ ነበር።

እንግዲህ በአንድ ወቅት ተናጋሪዎቹን ያሳስር የነበረ ቋንቋ ዛሬ መንግሥት በጀት መድቦ ለዓለም የሚያስተምረው ሆኗል። ይሁን እንጂ የባዕዱ ተማሪ መብዛት ብቻውን የስደተኛውን ልጅ ቋንቋ አያድንም። ባዕዱ ቋንቋውን የሚማረው ጥቅም ወይም ፍቅር ስቦት ነው፤ የስደተኛው ልጅ ግን ቅዳሜ የተማረውን እሑድ የሚያናግረው ሰው ካላገኘ ለአያቱ የሚመልሰው ቃል አይኖረውም። መምህሩ ክፍሉን ሲያዘጋጅ አያቲቱንም ጭምር ሊያስብ የሚገባው ስለዚህ ነው።