ከጎተራ ወደ ዲስክ፦ የማከማቻ ቃላት ታሪክና በቤት የሚገጣጠም የመረብ ማከማቻ ዕቃዎች ስያሜ

1. መነሻ

የኮምፒዩተር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚቸገሩባቸው ርእሶች አንዱ የማከማቻ ርእስ ነው። የተለያዩ ዕቃዎችን ገዝቶና አገጣጥሞ በቤት ወይም በትንሽ መሥሪያ ቤት የፋይል ማከማቻ ማቆም የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በፍኖተ ሰላም ያለ መምህር የዓመታት የትምህርት ጽሑፎቹን፣ በቡሬ ያለ ፎቶ ቤት የደንበኞቹን ምስሎች፣ በገጠር ያለ ደብር ደግሞ በፎቶግራፍ የተነሡ የብራና መጻሕፍቱን በአንድ ማሽን አኑሮ ከሌሎች ማሽኖች ሊያገኛቸው ይችላል። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚገዛውን ዕቃ መምረጥ አለበት። ምርጫውን የሚመራው ጽሑፍ በአማርኛ ሲቀርብለት ቃላቱ የተምታቱ ከሆኑ፣ የሚጎዳው ቋንቋው ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ንብረትም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የማከማቻ ቃላት ከእህል ቤት ተነሥተው እስከ ኮምፒዩተር ያደረጉትን ጉዞ መከታተል፣ በጉዞው ላይ የተዘነጋ አንድ ልዩነት መኖሩን ማሳየትና በዚያው መጠን ጥቂት ስያሜዎችን ለውይይት ማቅረብ ነው።

2. የእህል ማከማቻ ቃላት

ምዕራብ ጎጃም በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴና በርበሬ የሚመረትበት አገር ነው። ምርት በበዛበት አገር የማከማቻው ቃል መበርከቱ አያስገርምም። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ገጠር ያለ ገበሬ እህሉን የሚያኖርባቸው ነገሮች በተሠሩበት ቁስ፣ በሚቆሙበት ቦታና በሚሰጡት አገልግሎት ይለያያሉ።

ጎተራ ከቤት ውጭ የሚቆም ነው። ከእንጨትና ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተጠልፎ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ እርጥበትና አይጥ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥና በሣር ይከደናል። ጎታ ግን የቤት ውስጥ ዕቃ ሲሆን፣ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ደረጃ በደረጃ ተገንብቶ ይደርቃል። እህሉ በላይ ይገባል፤ ከሥር ባለችው ቀዳዳ ደግሞ የሚፈለገው ያህል ብቻ ይወጣል። ድብኝትም ከዚሁ ከቤት ውስጡ ወገን የሚቆጠር ነው። አቁማዳ፣ ስልቻና ጆንያ እህሉ ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዝባቸው ናቸው። ቋት ከወፍጮ ሥር ሆኖ የሚወርደውን ዱቄት የሚቀበል ነው፤ ዱቄቱ ወደ ሌላ ዕቃ እስኪገለበጥ ድረስ ይቆይበታል እንጂ ለዘለቄታው አይኖርበትም።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚታየው የዘር እህል ነው። ለዘር የተመረጠ በቆሎ በልማድ ከሚበላው ጋር አይቀላቀልም። ከነልባሱ ታስሮ ከምድጃ በላይ ጢስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ጎተራው በነቀዝ ቢመታ ወይም ቢዘረፍ የከርሞው አዝመራ አብሮ እንዳይጠፋ፣ ዘሩ በሌላ ቦታና በሌላ ዘዴ ይጠበቃል። እንግዲህ በገበሬው ቤት የሚቀበል፣ የሚያኖር፣ የሚያጓጉዝና ለክፉ ቀን ተለይቶ የሚጠበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ማኅደር የሚለው ቃል አለ። ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው፤ በካህናቱ ዘንድ የመጽሐፉ የቆዳ ማኖሪያ በዚሁ ስም ይጠራል። ማኅደሩ ከነመጽሐፉ የሚቀመጥበት ክፍል ዕቃ ቤት ይባላል።

3. ቃላቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገሩ

በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላትና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በተዘጋጁበት ዘመን ጎተራና ቋት ከእህልና ከዱቄት በቀር ሌላ የሚያኖሩት ነገር አልነበራቸውም። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ከተቋቋመ በኋላ የሙያ ቃላት ሥራ መልክ እየያዘ ሄደ። በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ከአማርኛው፣ ቀጥሎ ከግእዝ፣ ከዚያም ከሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች መፈለግና በመጨረሻ የውጭውን ቃል ለአማርኛ አነጋገር አመቻችቶ መቀበል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ደረጃ ውስጥ ከገባ በኋላ የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራሞች በአማርኛ መቅረብ ጀመሩ፤ የዛሬው ተጠቃሚ በየቀኑ የሚያያቸው ስያሜዎች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የተስፋፉ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ የእህል ቤቱ ድርሻ ግልጽ ነው። ተደራጅቶ የተቀመጠ የመረጃ ስብስብ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ የመረጃ ቋት ሲባል፣ በፕሮግራሞች ትርጉም ደግሞ የውሂብ ጎታ ይባላል። ሁለቱ ስያሜዎች ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ የቆሙ ቢሆኑም የተነሡበት ሥዕል አንድ አይደለም። ጎታ የሚያኖር ነው፤ ቋት የሚቀበልና የሚያሳልፍ ነው። በጥንቱ ትርጉም ብንሄድ ቋት የሚገባው ለጊዜያዊ መቆያ ነበር፤ ለዚህ ግን ዛሬ መሸጎጫ የሚል ስያሜ ገብቷል። የመረጃ ቋት ሥር ስለ ሰደደ ይነቀል አንልም። ይሁን እንጂ ይህንኑ ቋት የሚለውን ቃል ለዲስክም፣ ለማከማቻ ማሽንም፣ ለመረጃ ስብስብም እያዛወሩ መጠቀም አንባቢን ያሳስታል።

የግእዙ ድርሻም ከዚህ አያንስም። ውሂብ ወሀበ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በላቲን ዳታ የተሰጡ ነገሮች ማለት ስለሆነ የስያሜው መሠረት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በግእዝ ሰዋስው ውሂብ ንዑስ አንቀጽ ሆኖ መስጠት ማለት ሲሆን፣ የተሰጠ የሚለውን የሚገልጸው ውሁብ ነው። አጠቃቀሙ ይህን ልዩነት ሳይጠብቅ ጸንቷል። ማኅደረ ትውስታ፣ አውታረ መረብ፣ አንጎለ ኮምፒዩተር የሚሉት ደግሞ ፍኖተ ሰላም በሚለው የከተማ ስም የምናውቀውን የግእዝ ዘርፍ አያያዥ አሠራር የተከተሉ ናቸው፤ ፍኖተ ካርታ የሚለው የቅርብ ጊዜ ስያሜም እንዲሁ ነው። አውታር በበገና ጅማት ዘንድ የታወቀ በመሆኑ ከመረብ ጋር ሲጣመር ሥዕሉ ለአማርኛ ተናጋሪ አይጠፋውም። አንጎለ ኮምፒዩተር ግን የግእዝ ማያያዣን ከእንግዳ ቃል ጋር ስላገናኘ፣ አሠራሩ በዘመናችን ምን ያህል ሕያው እንደ ሆነ ያሳያል።

4. የዕቃዎቹ ምርጫና ስያሜያቸው

በ1956 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ነበሩት፤ ሁሉም ተደምረው የሚይዙት 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ነበር። በ1984 እ.ኤ.አ. ሰን የተባለው ኩባንያ በአንድ ማሽን ያለን ፋይል ሌሎች ማሽኖች በመረብ የሚጠቀሙበትን ሥርዓት አወጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ፍሪናስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ዲስክ ጨምሮ ይህንኑ ማድረግ ቻለ። የመጀመሪያውን ማከማቻ ለሚገጣጥም ሰው ምክሩ ዛሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማሽኑ ፈጣን መሆኑ ሳይሆን የዲስኩ ዓይነት፣ የማኅደረ ትውስታው ታማኝነትና የኤሌክትሪኩ ጥበቃ ነው ዋናው ጉዳይ።

ከዲስክ እንጀምር። ዲስኮች በአጻጻፋቸው ሁለት ወገን ናቸው። በአንደኛው የጽሑፍ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በሁለተኛው ግን እንደ ጣሪያ ክዳን አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ ይደርባል። ሁለተኛው በጠባብ ቦታ ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ለማደስ በላዩ የተደረቡትን እንደገና መጻፍ ስለሚጠይቅ፣ የተበላሸ ዲስክ ተተክቶ ሥርዓቱ እንደገና ሲሞላ እጅግ ይዘገያል። በ2020 እ.ኤ.አ. አንዳንድ አምራቾች ይህን ዓይነት በግልጽ ሳያስታውቁ መሸጣቸው ታውቆ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ገዢው በዕቃው ላይ የሚያገኘው በላቲን ፊደላት የተጻፈ ምሕጻር ብቻ ነው። ጎን ለጎን ጻፊና ደራቢ ጻፊ ብንላቸው ግን ልዩነቱን ስሙ ራሱ ይነግረዋል።

በመጠን በኩል ያለውን ችግር የእህል ገበያን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ቁናና ዳውላ በስም አንድ ሆነው ከቦታ ቦታ መጠናቸው እንደሚለያይ ሁሉ ቴራባይትም ሁለት ስፍር አለው። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ብዙ ፕሮግራሞች በ1,024 ያባዛሉ። ስለዚህ 4 ቴራባይት ተብሎ የተገዛ ዲስክ በማሽኑ ላይ 3.6 ገደማ ሆኖ ሲታይ ዲስኩ ጎደለ ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛው ስፍር ኪቢ፣ ሜቢ፣ ጊቢ፣ ቴቢ የሚሉ ቅድመ ቅጥያዎችን ወስኗል። እኛም ቴቢባይት የሚለውን እንዳለ ከመቀበል የተሻለ መንገድ አላየንም።

ማኅደረ ትውስታን በተመለከተ፣ በውስጡ የሚፈጠረውን ጥቃቅን ስሕተት ራሱ የሚያርም ዓይነት አለ፤ ስሕተት አራሚ ማኅደረ ትውስታ ማለት ይበቃል። በኃይል በኩል ሁለት ዕቃዎች ይምታታሉ። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኤሌክትሪክ ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ በባትሪው ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆያል፤ ማሽኑም በሥርዓት ለመዘጋት ጊዜ ያገኛል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሁለተኛው ዕቃ ከተጨማሪ ዲስክ በፊት ሊገዛ ይገባዋል። ሁለቱንም ኃይል ማስተካከያ እያሉ መተርጎም ገዢው ያላሰበውን ዕቃ ይዞ እንዲገባ ያደርጋል፤ በአገር ቤት ሁለቱም በውሰት ስማቸው ስለሚታወቁ እንዳሉ ቢተዉ ይሻላል።

5. መንታና ምትኬ

ከሁሉ የከበደው ግን የሚቀጥለው ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ፣ ርካሽ ዲስኮችን በማቀናጀት አንዱ ቢሞት ሥራው የማይቋረጥበትን ዘዴ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተሙ። ከዘዴው ቀላሉ ተመሳሳይ ጽሑፍ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል መጻፍ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በዚህ መንገድ ሲቀናጁ የሚገኘው ቦታ 4 ቴራባይት ብቻ ነው፤ የቀረው ለደኅንነት የተከፈለ ዋጋ ነው።

ይህ ዘዴ ዲስክ ቢሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። ፋይል በስሕተት ቢጠፋ ግን ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ ማሽኑ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ወይም መብረቅ ቢመታው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ከዚህ የሚያድነው በሌላ ቦታና በሌላ ዕቃ ላይ ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ በፕሮግራሞች ትርጉም ምትኬ የሚል ስያሜ አለ። ችግሩ ምትክ የሚለው ሐሳብ ሰፊ ስለሆነ፣ ተርጓሚዎች ሁለተኛውን ዲስክም ምትኬ ብለው ሊጽፉ መቻላቸው ነው። አንባቢው ምትኬ ያለው ዲስክ ገዛሁ ብሎ ያርፋል፤ ያለው ግን በአንድ ጎተራ ውስጥ የገባ ሁለት ስልቻ እህል ነው።

የገበሬው ቤት ይህን ልዩነት ጠብቆ ኖሯል፤ በጎተራ ያለውን ማብዛትና ዘርን ከምድጃ በላይ መስቀል በእርሱ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመጻሕፍት በኩልም ምሳሌ አለን። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን ሲያነሣ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል እንዲቀመጡ ተደርጓል። ዋናው መጽሐፍ በደብሩ፣ ቅጂው በአዲስ አበባ፣ ሌላው ቅጂ ከባሕር ማዶ መሆኑ የምትኬን ሐሳብ በሙሉ ያስረዳል።

ስለዚህ በአንድ ማሽን ውስጥ እኩል የሚጻፉትን መንታ ዲስክ ማለትና ምትኬን በሌላ ቦታ ለተለየው ቅጂ ብቻ መጠበቅ ያስፈልጋል እንላለን። መንታዎች አብረው የሚኖሩ፣ ተመሳሳይ የሆኑና አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚቀር መሆናቸውን ቃሉ ያለ ማብራሪያ ያስተላልፋል። ለምትኬ ዘር የሚለውን ቃል ማቅረብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ቃሉ ዛሬ የተሸከማቸው ሌሎች ትርጉሞች ከባድ ስለሆኑ አልመረጥነውም።

እንዲሁም በዲስክ ላይ ያለ ጽሑፍ ሳይታወቅ ቀስ በቀስ የሚበላሽበት ሁኔታ አለ፤ አንዳንድ የፋይል ሥርዓቶች ሁሉን እያነበቡ ይህን ይፈትሻሉ። እህል በነቀዝ እንዳይበላ ከጎታ አውጥቶ ፀሐይ ላይ እንደ ማስጣት ነው ብሎ ለተማሪ ማስረዳት ጥሩ ነው። ሆኖም ምሳሌ ሁሉ ስያሜ መሆን አይገባውም፤ ስውር ብልሽትና የይዘት ፍተሻ ግልጽ ስለሆኑ እነርሱ ይበቃሉ።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

ሀ. የመረብ ማከማቻ፦ በአውታረ መረብ ለብዙ ማሽኖች ፋይል የሚያቀርብ ማሽን። ጎታ የሚለው ሥዕል ለቤቱ ዕቃ ይበልጥ ይስማማ ነበር፤ ይሁንና በውሂብ ጎታ ስለ ተያዘ እንዳይምታታ ትተነዋል።
ለ. መንታ ዲስክ፦ በአንድ ማሽን ውስጥ አንድን ጽሑፍ እኩል የሚይዙ ዲስኮች።
ሐ. ምትኬ፦ በሌላ ዕቃና በሌላ ቦታ ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ፤ ለሌላ ነገር ባይውል።
መ. ጎን ለጎን ጻፊ እና ደራቢ ጻፊ፦ ሁለቱ የዲስክ አጻጻፍ ዓይነቶች።
ሠ. ስውር ብልሽት እና የይዘት ፍተሻ፦ ሳይታወቅ የሚደርስ የጽሑፍ መበላሸትና እርሱን የመፈለግ ሥራ።
ረ. ዩፒኤስ፣ ስታቢላይዘር፣ ቴቢባይት፦ በውሰት እንዳሉ።

ስያሜ የሚመዘነው በውበቱ ሳይሆን አንባቢው በእርሱ ተመርቶ በሚሠራው ሥራ ነው። ከነዚህ ውስጥ ቅድሚያ የምንሰጠው ለመንታና ለምትኬ ልዩነት ነው፤ የቀሩት ቢዘገዩ ጉዳቱ የገንዘብ ነው፣ ይህ ልዩነት ቢጠፋ ግን የሚጠፋው ተመልሶ የማይገኝ ጽሑፍ ይሆናል። አንባቢያን በየአካባቢያቸው ያሉትን የማከማቻ ቃላት፣ በተለይም ለዘር ማቆያ የሚሆኑትን ስሞች፣ ከነአገልግሎታቸው መዝግበው ቢያቀርቡ የስያሜው ሥራ የበለጠ መሠረት ያገኛል።